ከቴሌግራም ጩኸት ወደ መዝገብ ቁጥር፦ አዳማ ውስጥ የሰፈርን ችግር ለማስፈታት ዝርዝር መመሪያ

ጎርፉ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በሰፈራችን የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ስለ አንዲት ቦይ የተጻፈውን ሁሉ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ከአራት መቶ በላይ መልእክት ነበር። ደጃፉ ላይ ውሃ የተኛበት ቤት ፎቶ፣ የተናደደ ፊት፣ “ኧረ የሚሰማን ጠፋ ወይ” የሚል ጽሑፍ፣ በድምፅ የተላከ እሮሮ፣ እንደገና የተናደደ ፊት። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ቦዩ የት እንዳለ በትክክል የጻፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። ወረቀት ይዞ ወደ ቢሮ የሄደ ግን አልነበረም። በመስከረም ሦስት ሆነን ስንሄድ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ መዝገቡን ገልብጣ፣ ገልብጣ፣ “ከእናንተ ሰፈር የገባ ምንም ነገር የለም” አለችን። እውነቷን ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የያዝኩት አቋም ይህ ነው፦ ቡድን ውስጥ የተጻፈ ቅሬታ ለጻፈው ሰው እፎይታ ሊሆን ይችላል፤ ለመሥሪያ ቤት ግን ያልተነገረ ነገር ነው። ቅሬታ መኖር የሚጀምረው የመዝገብ ቁጥር ሲያገኝ ነው። ቴሌግራሙን ዝጉት አልልም። ሰፈራችን ያለ እሱ ምንም አይሠራም ነበር። ይህ መመሪያ ያንን ሁሉ ንግግር ወደ አንድ ገጽ ደብዳቤ፣ ደብዳቤውን ደግሞ ወደ ተጠረገ ቦይ እንዴት እንደምታደርሱት በቅደም ተከተል ያሳያል። ምሳሌዬ የጎርፍ ቦይ ቢሆንም መንገዱ ለጠፋ የመንገድ መብራትም፣ ለሚፈስ ቧንቧም ይሠራል።

መቼ እንደሚጀመር

አዳማ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በኮረብታዎች የተከበበች ሜዳ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከኮረብታዎቹ የሚወርደው ውሃ ብቻውን አይመጣም። ልልና አሸዋማ የሆነውን አፈር እየጠረገ፣ ላስቲክና ጠርሙስ እየሰበሰበ ይወርድና ሜዳው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ የተሸከመውን ሁሉ ቦያችን ውስጥ አራግፎ ይሄዳል። ስለዚህ ቦይ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ በየዓመቱ መጠረግ አለበት።

ብዙዎቻችን የምንጮኸው ውሃው ሳሎን ሲገባ ነው። ያኔ ግን ማንም ቦይ መጥረግ አይችልም። የአገራችን የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። አዲስ ቦይ ወይም አዲስ ቱቦ የሚጠይቅ ነገር ከሆነ ዕቅድ በሚዘጋጅበት ጊዜ ቢሮው እጅ መግባት ስላለበት ጥያቄያችሁን በጥርና በየካቲት አድርሱ። ጥርጊያ ብቻ ከሆነ መጋቢትና ሚያዝያ ጥሩ ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ ከጀመራችሁ ግን ከዝናቡ ጋር ሩጫ ውስጥ ገብታችኋል።

ቡድኑን ማጥበብና ማስተካከል

ቴሌግራም በአንድ ቡድን እስከ 200,000 ሰው ይቀበላል። እናንተ የምትፈልጉት ግን አንድ ቦይ የሚጋሩትን ቤቶች ብቻ ነው፤ አርባ፣ ቢበዛ ሰማንያ ቤት። የከተማውን ጉዳይ ሁሉ የሚያወራ ትልቅ ቡድን ካላችሁ እሱ ይቀጥል፤ ለሥራው ሌላ ትንሽ ቡድን ክፈቱ። የትልቁ ቡድን ሰው ስለ ነዳጅ ወረፋ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ባጃጅ ታሪፍ ያወራል፤ ማውራቱም ተገቢ ነው። የእናንተ ቦይ ግን በዚያ መሐል ይሰጥማል።

ቡድኑ ሲከፈት ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ጥቂት ነገሮችን አስተካክሉ። አንደኛ፣ ዘግይቶ የሚገባ ሰው የቀድሞውን መልእክት እንዲያይ የቆየው ጽሑፍ ለአዲስ አባላት የሚታይበትን ምርጫ አብሩ፤ ያለዚያ በየሳምንቱ አንድ ሰው “ጉዳዩ ምንድን ነው?” እያለ ከመጀመሪያው ያስጀምራችኋል። ሁለተኛ፣ ቡድኑን በርዕስ የመከፋፈያውን ምርጫ አብሩና ሦስት ክፍሎች ብቻ ክፈቱ፦ “ማስረጃ”፣ “ክትትል”፣ “ሌላ ወሬ”። “ሌላ ወሬ” የሚለውን አትናቁት። ሰው የሚያወራበት ቦታ ከሌለው ማስረጃው መሐል ገብቶ ያወራል። ሦስተኛ፣ ስሜት ሲግል አንድ ሰው በስንት ጊዜ አንዴ መጻፍ እንደሚችል መወሰን ይቻላል፤ ጎርፍ በመጣ ሌሊት ይህን አብርታችሁ ሲረጋጋ አጥፉት።

አስተዳዳሪዎቹ ሦስት ይሁኑ። አንዱ ስልክ አያያዝ የሚያውቅ ወጣት፣ አንዷ ቀን ቀን ቤት የምትውል እናት፣ አንዱ ደግሞ የዕድሩ ጸሐፊ። እናቲቱን ያለ ምክንያት አላስገባኋትም። ቦዩ ሲሞላ፣ መኪና አሸዋ ሲያራግፍበት፣ ሠራተኛ መጥቶ አይቶ ሲመለስ የምታየው እሷ ናት። እኛ ሥራ ላይ ነን።

አባላት ስልክ ቁጥራቸው ለማያውቁት ሰው እንዳይታይ ማድረግ እንደሚችሉ በመጀመሪያው ቀን አሳዩአቸው። በግላዊነት ክፍል ውስጥ ስልክ ቁጥሬን ማን ይይ የሚለውን ወደ “ማንም” መቀየር ብቻ ነው። በተለይ ሴቶች ቡድን ውስጥ ገብተው ዝም የሚሉት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ይህንን ካስተካከልን በኋላ በእኛ ቡድን መጻፍ የጀመሩ እህቶች አሉ።

ስልክ የሌላቸውን አትርሱ

ይህን ክፍል በደንብ አንብቡልኝ፤ የእኛን ሥራ ያዳነው ይህ ነው።

መጋቢት ላይ ለመለካት ስንወጣ የያዝነው ፎቶ ሁሉ የሚያሳየው ከአስፋልቱ ዳር ያለውን ቦይ ነበር። ጎንበስ ብለን ስንቆፍር በሰፈሩ ከሁሉም ሰው በፊት የገቡ አንዲት እናት ከበራቸው ወጥተው ቆሙና ሲመለከቱን ቆዩ።

“ልጄ፣ እናንተ የምትጠርጉት የተሳሳተውን ነው” አሉኝ።

“እንዴት፣ እማማ?”

“ውሃው የሚታፈነው እዚህ አይደለም። መውጫው እዚያ፣ ከግንቡ ሥር ነበር። ያ ቤት ሲሠራ አሸዋ አራገፉበት፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አይቶት አያውቅም።”

በምርኩዛቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። ስንቆፍር ግማሽ ሜትር ወርደን የቱቦውን አፍ አገኘነው። ድፍን ብሎ ነበር። እኒህ እናት ቴሌግራም የላቸውም። በስልክ ብቻ ብንሠራ ኖሮ ደብዳቤያችን የተሳሳተ ቦታ ይጠቁም፣ የሚላከው ሠራተኛም የተሳሳተውን ጠርጎ ይመለስ ነበር።

ስለዚህ ማንኛውም ነገር በቡድኑ ሲወሰን በዕድር ስብሰባ ላይም ይነገር። በሰፈሩ ሱቅ በር ላይ አንድ ገጽ ይለጠፍ። ከመለካታችሁ በፊትም ቢያንስ ሦስት አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄዳችሁ “ድሮ ውሃው በየት ነበር የሚወርደው?” ብላችሁ ጠይቁ።

ማስረጃ እንዴት ይያዛል

“ማስረጃ” በሚለው ክፍል ውስጥ የሚገባ መልእክት አራት ነገር ይያዝ፦ የት፣ ምን፣ መቼ፣ ፎቶ። ይህንን እንደ ናሙና ጽፋችሁ ከላይ ስቀሉት። የእኛ እንዲህ ይላል፦ “የት፦ ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዕዘን 15 ሜትር ወደ ታች። ምን፦ የቦዩ ሶሌታ (የኮንክሪት ክዳን) ተሰብሮ ገብቷል፤ ሕፃን ሊገባበት ይችላል። መቼ፦ መጋቢት 12፣ ጠዋት 2:30። ፎቶ፦ ሦስት።”

ፎቶውን በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በቴሌግራም ፎቶ በተለመደው መንገድ ሲላክ መጠኑ ይቀንሳል፣ በውስጡ የተመዘገበው የተነሣበት ሰዓትና ቦታም አብሮ ይጠፋል። ፎቶውን “እንደ ፋይል” ከላካችሁት ግን እንደተነሣ ይደርሳል። ለማስረጃ ሁልጊዜ እንደ ፋይል ላኩ። ቦታው አብሮ እንዲመዘገብ ደግሞ በካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ቦታ መመዝገቢያው መብራት አለበት። ጥንቃቄም ይኑራችሁ፦ ቤታችሁ ውስጥ ያነሣችሁትን ፎቶ በዚህ መንገድ ብትልኩት ቤታችሁ የት እንደሆነ አብሮ ይሄዳል።

የስልካችሁ ካሜራ የሚመዘግበው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ደብዳቤው ግን በእኛው ይጻፋል። ፎቶው ነሐሴ 3 ቀን 2025፣ 14:20 የሚል ከሆነ፣ ነሐሴ ያልኩት የእነሱን ኦገስት ነው፤ በእኛ ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 8:20 ይሆናል። ሁለቱን የሚያደበላልቅ ደብዳቤ በቀላሉ ይጣላል፤ “ጎርፉ ባልነበረበት ቀን ነው ያነሣችሁት” የሚባል ነገር ይመጣል። ሰዓቱ ላይ ስድስት መቀነስ፣ ቀኑን ደግሞ በቀን መቁጠሪያ ማመሳከር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ከአንድ ቦታ ሦስት ፎቶ አንሡ። የመጀመሪያው ከሩቅ፣ ሰው የሚያውቀው ሕንፃ ወይም ምልክት አብሮ የሚታይበት። ሁለተኛው መካከለኛ፣ ቦዩ ከነዙሪያው። ሦስተኛው ከቅርብ፣ ሜትር ወይም ምልክት የተደረገበት ብረት አጠገቡ ቆሞ። የሕፃናትን ፊት፣ የሰውን ታርጋ፣ የቤት ውስጥ ዕቃ አታንሡ። የጎረቤት ጉዳት ማሳየት ካለባችሁ አስፈቅዱ፤ ችግር ያገኘው ሰው ፎቶው ሳያውቅ ሲዞር ሌላ ጉዳት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በጥብቅ፦ ጎርፉ እየሄደ ሳለ ለፎቶ ብላችሁ ውሃው ውስጥ አትግቡ። በፍጥነት የሚሄድ ውሃ ቁርጭምጭሚትን አልፎ ጥቂት ከፍ ሲል፣ 15 ሴንቲሜትር ገደማ፣ አዋቂን ሰው ከእግሩ ሊያነሣ ይችላል፤ 30 ሴንቲሜትር ሲደርስ ትንሽ መኪና ይገፋል። ክዳን የሌለው ቦይ ደግሞ ከቡናማው ውሃ ሥር አይታይም። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ወይም የወደቀ ሽቦ በአቅራቢያው ካለ ራቁና ለኤሌክትሪክ አገልግሎት 905 ደውሉ። ፎቶው በማግሥቱ ይነሣል፤ ውሃው ግድግዳ ላይ የተወው መስመር ስንት ድረስ እንደወጣ ይናገራል።

ለቦታው የካርታ ቁጥር ጨምሩበት። በስልክ ካርታ ላይ ቦታውን ጫን አድርጎ በመያዝ ሁለት ቁጥሮች ይወጣሉ። አዳማ ውስጥ ከሆናችሁ የመጀመሪያው 8.5 ገደማ፣ ሁለተኛው 39.3 ገደማ ነው፤ ከዚህ በጣም የራቀ ካያችሁ ተሳስታችኋል። ቁጥሩን ብቻ ግን አትጻፉ። በእኛ ከተማ ሰው የሚያውቀው “ከፍራንኮ ወደ ታች”፣ “ከፖስታ ቤት ጀርባ” በሚል ነው፤ ሁለቱ አብረው ይቅረቡ።

ለኩት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰንፋል፤ እኔ ግን ደብዳቤያችንን ከሌሎች የለየው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። “ቦዩ ሞልቷል” የሚል ደብዳቤ ባለሙያውን ሄዶ እንዲያይ ያስገድደዋል፤ ሄዶ የሚያይበት ቀን ደግሞ አይመጣም። “20 ሜትር ኪዩብ ደለል አለ” የሚል ደብዳቤ ግን ሥራው ግማሽ ያለቀ ያህል ነው።

የሚያስፈልጋችሁ አንድ ሜትር፣ አንድ ቀጭን ፌሮ ብረትና እርሳስ ነው። የቦዩን ስፋት ለኩ። ቀጥሎ ብረቱን ደለሉ ውስጥ ስደዱት፤ ወለሉን ሲነካ ድምፁም፣ እጃችሁም ይነግራችኋል። ደለሉ የደረሰበትን ቦታ ብረቱ ላይ ምልክት አድርጉና አውጥታችሁ ለኩ። ይህን ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ሦስት ቦታ አድርጉና አማካዩን ውሰዱ። እኛ ያገኘነው ስፋት 60 ሴንቲሜትር፣ የደለል ውፍረት በአማካይ 55 ሴንቲሜትር፣ ርዝመቱ 60 ሜትር ነበር። ሲባዛ 19.8፣ ማለትም 20 ሜትር ኪዩብ ገደማ ይሆናል። አንድ ሲኖትራክ ገልባጭ ብዙ ጊዜ 16 ሜትር ኪዩብ ገደማ ስለሚጭን ሥራው ሁለት ምልልስ ነው። ይህን ቁጥር ለቢሮው ኢንጂነር ስንነግረው ቀና ብሎ አየን። ከዚያ በፊት ያወራው ስለ ስብሰባው ነበር።

ሶሌታ ለማንሣት ራሳችሁ አትሞክሩ። ከባድ ነው፣ ይሰበራል፣ እግር ይቆርጣል። ክፍት በሆነው ቦታ የምትለኩት ይበቃል።

ወሬ ሲመጣ

ቡድን ባለበት ወሬ አለ። ጎርፍ በመጣ ማግሥት “ውሃው ተበክሏል፣ አትጠጡ” የሚል ድምፅ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይዞራል። አስተዳዳሪው ማድረግ ያለበት ቀላል ነው፦ “ማን ነው ያየው? መቼ? የት?” ብሎ መጠየቅ። መልስ ከሌለ መልእክቱን ማንሣት፤ መልስ ካለ ደግሞ ለውሃ አገልግሎቱ መደወል።

በዚያው ሰሞን አንድ ሰው በቅንነት “የጉድጓድ ውሃ የምትጠጡ ፍሎራይዱ እንዲወጣ አፍሉት” ብሎ ጻፈና ብዙዎች አመሰገኑት። ምክሩ ግን ስሕተት ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ፍሎራይድን አያስወጣም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ውስጥ መጠኑ ይጨምራል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድ ስለሚበዛባቸው፣ ልጆች ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ ስለምናይ፣ ይህ ለእኛ ተራ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። የአዳማ የቧንቧ ውሃ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ ነው፤ ቧንቧ ሲጠፋ ወደ ጉድጓድ የሚዞር ሰው ግን ይህን ልዩነት ማወቅ አለበት። ሰውየውን አላሳፈርነውም። ትክክለኛውን ከሥሩ ጽፈን ሰቀልነው፤ እሱም አመሰገነ።

ሕጉንም እወቁ። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት ደግሞ ቅጣቱን ያከብደዋል። በሰፈር ቡድን ውስጥ የሰውን ብሔርና ሃይማኖት የሚነካ ነገር ሲጻፍ ለሕግ ብቻ ብላችሁ አይደለም የምታነሡት። ቦዩ የሁላችንም ነው፤ ያ መልእክት አንድ ቀን ካደረ ግማሹ ሰው ለጥርጊያው አይወጣም።

የማን እንደሆነ ለዩ

የተሳሳተ በር ማንኳኳት ወር ይፈጃል። ምሰሶ፣ ሽቦና ትራንስፎርመር ከሆነ 905። የስልክ ጉድጓድ ክዳን ወይም የተጋደመ የቴሌ ገመድ ከሆነ 994። የሚፈስ ቧንቧ የከተማው ውሃ አገልግሎት ነው። የመንገድ ዳር ቦይና ቆሻሻ በቀበሌና በክፍለ ከተማ በኩል የከተማ አስተዳደሩ ነው። ከተማዋን አቋርጦ በሚያልፈው ዋና መንገድ ላይ ከሆናችሁ ግን መንገዱን የሚጠግነው ማን እንደሆነ ከክፍለ ከተማው አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ አንዱ ወደ ሌላው የሚገፋችሁ እዚያ ላይ ነው።

ደብዳቤው

ከአንድ ገጽ አይለፍ። ንዴታችሁን ቡድኑ ውስጥ ተዉት፤ እዚህ የሚጻፈው ቦታ፣ ልክና ጥያቄ ነው። የእኛን ሰፈሩን ትቼ እንዲህ አቀርበዋለሁ፦

ቀን፦ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለ… ክፍለ ከተማ … ጽሕፈት ቤት
አዳማ

ጉዳዩ፦ የጎርፍ መውረጃ ቦይ እንዲጠረግልን ስለመጠየቅ

ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው፣ በ… ቀበሌ ከ… ትምህርት ቤት አጥር ጀምሮ እስከ … መገንጠያ ድረስ ያለው 60 ሜትር ቦይ በደለል ተሞልቷል። መጋቢት 20 ቀን በሦስት ቦታ ለክተን ያገኘነው የደለል ውፍረት በአማካይ 55 ሴንቲሜትር ሲሆን፣ ጠቅላላ መጠኑ ወደ 20 ሜትር ኪዩብ ይደርሳል። የቱቦው መውጫም ከአጥሩ ግንብ ሥር ተደፍኖ ይገኛል። ባለፈው ክረምት በዚህ ምክንያት ውሃ ወደ 11 ቤቶች ገብቷል። ስለሆነም ከሰኔ ወር በፊት ደለሉ እንዲነሣልንና የተደፈነው ቱቦ እንዲከፈትልን እየጠየቅን፣ ነዋሪው በጉልበት ለማገዝ ዝግጁ መሆኑን እንገልጻለን። ፎቶግራፍ፣ የቦታ ካርታና የነዋሪዎች ፊርማ … ገጽ አያይዘን አቅርበናል።

ከሰላምታ ጋር
(የሁለት ተወካዮች ስም፣ ፊርማና ስልክ)

ግልባጭ፦ ለ… ቀበሌ ጽሕፈት ቤት

ፊርማ ስታሰባስቡ ስም፣ የቤት ቁጥርና ፊርማ ይበቃል። የሁሉንም ሰው ስልክ ቁጥር አትጻፉ፤ የተወካዮቹ ብቻ ይኑር። የፊርማውን ገጽ ፎቶ አንሥታችሁ ቡድን ላይ አትልቀቁ፤ የሰው ስምና ፊርማ ነው፣ አደራ ነው።

ቋንቋን በተመለከተ፣ የከተማው የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ደብዳቤውን በአፋን ኦሮሞ አስጽፋችሁ አማርኛውን ከኋላ ብታያይዙ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ በፍጥነት ይሄዳል። እኛ ሰፈር አንድ መምህር ጎረቤታችን በአንድ ምሽት ጻፉልን። በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ሰው አለ፤ መጠየቅ ብቻ ነው። ቡድናችሁ ውስጥም ማስታወቂያዎቹን በሁለቱም ቋንቋ ጻፉ።

መዝገብ ቤት

ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን ትሰጣላችሁ፤ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥሩ፣ ቀኑና የተቀባዩ ፊርማ እንዲሰፍር ጠይቁ። “እኛ ጋ ይቀመጣል፣ አትጨነቁ” ቢሏችሁም በትሕትና ጠብቁ። “እህቴ፣ ሰፈር ስመለስ ቁጥሩን ይጠይቁኛል፤ እዚችው ላይ ብትጽፊልኝ” አልኩ እኔ። ጻፈችልኝ። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በቅጂው ቀኝ ጥግ፣ ቁጥርና ቀን። ያችን ጥግ ፎቶ አንሥቼ “ክትትል” የሚለው ክፍል ላይ ሰቀልኳት። ከዚያች ቀን በኋላ ቡድኑ ውስጥ ጩኸት ቀነሰ፤ ሰው የሚጠይቀው “ደብዳቤው የት ደረሰ?” ብሎ ሆነ።

ክትትል

ሁለት ሰው በተራ ይከታተል፤ አንድ ሰው ብቻውን ይሰለቻል። ከሳምንት በኋላ ሂዱና ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ደብዳቤው ለየትኛው ክፍል ተመራ? በማን እጅ ነው? መቼ መልስ ይሰጠናል? “ነገ ተመለሱ” ከተባላችሁ ነገ ተመለሱ፤ ስትመለሱም የትናንቱን ቀንና ያነጋገራችሁን ክፍል ጻፉ። ማስታወሻው አጭር ይሁን፦ “ሚያዝያ 14፣ ወደ መሠረተ ልማት ክፍል ተመርቷል፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ፣ ሐሙስ ተባልን።” ያነጋገራችሁትን ሠራተኛ ስም ቡድኑ ላይ እየጠራችሁ አትዝለፉት። በደንብ የረዳችሁን ሰው ግን በምስጋና ጥሩት።

እኛ አምስት ጊዜ ተመላልሰናል። በአራተኛው ላይ ደብዳቤው ጠፋ ተባልን። ቁጥሩን አሳየን፤ መዝገቡ ተገለጠ፤ ከሌላ ፋይል ሥር ወጣ። ያ ቁጥር ባይኖር ኖሮ ከመጀመሪያው እንጀምር ነበር።

በወር ውስጥ መልስ ካልተገኘ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ቁጥር ጠቅሳችሁ ሁለተኛ ደብዳቤ ለበላይ ኃላፊው ጻፉ፣ ለቅሬታ ሰሚው ክፍልም ግልባጭ አድርጉ። ይህን ሁሉ አሟጥጣችሁ መልስ ካጣችሁ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን አስተዳደራዊ በደል የሚመለከት ነው፤ አገልግሎቱ ያለ ክፍያ ነው፤ የሚፈልገውም እናንተ የያዛችሁትን ነው፦ ቁጥር፣ ቀን፣ ቅጂ።

ገንዘብ ከተዋጣ

ለእጅ ጓንት፣ ለአካፋ፣ ለማዳበሪያ ከረጢት ገንዘብ ማዋጣት ሊያስፈልግ ይችላል። በግለሰብ ቴሌብር አትሰብስቡ፤ ሰውየው የቱንም ያህል የታመነ ቢሆን። በዕድሩ ገንዘብ ያዥ በኩል፣ በደረሰኝ ይሁን። ወጪው በዚያው ቀን ከነደረሰኙ ፎቶ ይለጠፍ።

ሠራተኞቹ ሲመጡ

ከቀናት በፊት ስለማይነገራችሁ ዝግጁ ሁኑ። ቦዩ ላይ የቆመ መኪና ይነሣ፣ ቁልል አሸዋም ወደ ግቢ ይግባ። ላስቲኩንና የሃይላንድ ጠርሙሱን ነዋሪው ቀድሞ ቢለቅም ሠራተኞቹ ደለሉ ላይ ብቻ ይሠራሉ። ከሁሉ በላይ፣ የወጣው ደለል ቦዩ ዳር ተከምሮ እንዳይቀር በዚያው ቀን እንዲነሣ ለምኑ። ዳር ላይ የቀረ ደለል በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል፤ ይህ በብዙ ሰፈር የሚታይ ነው። መኪናው ካልመጣ ከረጢት ውስጥ አስገብታችሁ ከቦዩ ራቅ አድርጉት።

እኛ ጋ የመጡት ግንቦት 19 ቀን፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው። እማማ በረንዳቸው ላይ ሆነው ቡና አፈሉላቸው። የቱቦው አፍ ሲከፈት በምርኩዛቸው እያመለከቱ “ወደ ግራ፣ ወደ ግራ” ይሉ ነበር።

ከጥርጊያው በኋላ ፎቶውን ከዚያው ከበፊቱ ቦታ፣ በዚያው አቅጣጫ አንሡና ከአሮጌው ጎን አድርጋችሁ ለጥፉ። ለቢሮውም አንድ የምስጋና ደብዳቤ፣ የድሮውን ቁጥር ጠቅሳችሁ፣ በመዝገብ ቤት አስገቡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ስትሄዱ ፋይሉ ውስጥ ይጠብቃችኋል።

አንድ ሥራ ይቀራል። የመጀመሪያው ጠንካራ ዝናብ ሲያባራ፣ ውሃው ካለፈ በኋላ፣ አንድ ሰው ጃንጥላ ይዞ ወደ ቱቦው መውጫ ይሂድ። ብረቱን ይዞ ይሂድ። ስንት ሴንቲሜትር ደለል እንደገባ ይለካ፣ ቀኑን ይጻፍ፣ ፎቶውን እንደ ፋይል ይላክ። የእኛ የመጀመሪያ ልኬት 4 ሴንቲሜትር ነው፤ “ማስረጃ” በሚለው ክፍል ከላይ ተሰቅሏል።